ጥላ በበዛበት ጠባብ ግቢ ሣር ማልማት

ጥላ ባለበት ትንሽ ግቢ ሣር የሚያለማ ሰው የሚገጥመው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ተመሳሳይ ነው። ሣሩ በተተከለ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደስ በሚል ሁኔታ ይለመልማል። ጥቂት ወራት ሲያልፉ ግን ቅጠሉ ይቀጥናል፣ ቀለሙ ይገረጣል፣ በመካከሉም ባዶ አፈር ብቅ ብቅ ማለት ይጀምራል። በዚህ ጊዜ ባለቤቱ በቅድሚያ ውሃ ይጨምራል፣ ቀጥሎ ማዳበሪያ ይበትናል፣ በመጨረሻም ዘሩ መጥፎ ነበር ብሎ ሌላ ዘር ይገዛል። ከእነዚህ ሦስት እርምጃዎች የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብዙውን ጊዜ ችግሩን ያባብሱታል፤ ሦስተኛውም ቢሆን የሚረዳው ቦታው በቀን ምን ያህል ብርሃን እንደሚያገኝ አስቀድሞ ከታወቀ ነው።

ሣር እንደ ማንኛውም አረንጓዴ ተክል ምግቡን ከአፈር አይወስድም፤ ከአፈር የሚስበው ውሃና ማዕድን ነው። ምግብ የሚሆነውን ስኳር የሚሠራው ቅጠሉ ውስጥ ሲሆን፣ ለዚህም ከአየር ካርቦንዳይኦክሳይድ፣ ከሥሩ ደግሞ ውሃ ይወስዳል፤ ሁለቱን የሚያዋህድበትን ኃይል የሚያገኘው ግን ከብርሃን ብቻ ነው። በሌላ በኩል ተክሉ ቀንም ሌሊትም ስለሚተነፍስ ከሠራው ስኳር የተወሰነውን ያለማቋረጥ ያቃጥላል። ነገሩ ከአንድ ደመወዝተኛ የወር ሒሳብ ጋር ይመሳሰላል፦ ብርሃኑ ገቢ ነው፣ መተንፈስና አዲስ ቅጠል ማውጣት ወጪ ነው፣ በሥሩና በግንዱ መሠረት የሚከማቸው ስኳር ደግሞ ቁጠባ ነው። ፀሐይ በሚያገኝ ቦታ ገቢው ከወጪው ስለሚበልጥ ሣሩ ቢረገጥም፣ ቢታጨድም፣ ቢታመምም ከቁጠባው እያወጣ ራሱን ይጠግናል። በጥላ ውስጥ ግን ገቢና ወጪ እኩል ለእኩል ሊሆኑ ምንም አይቀራቸውም፤ ብርሃኑ ከዚያ በታች ከወረደ ሣሩ በየቀኑ ከቁጠባው ይበላል፣ ቁጠባው ሲያልቅም ይሞታል። ስለዚህ በጥላ ቦታ የሚደረግ እንክብካቤ ሁሉ ወይ ብርሃኑን መጨመር፣ ወይ የተክሉን ወጪ መቀነስ ይኖርበታል። ከሁለቱ አንዱን የማያደርግ ሥራ ትርፉ ድካም ነው።

ሣሩ በመጀመሪያዎቹ ወራት አምሮ ኋላ የሚከዳውም በዚሁ ምክንያት ነው። ከነአፈሩ ተቆርጦና ተጠቅልሎ የሚሸጠው ሣር በአብዛኛው የሚለማው በገላጣ ማሳ ላይ፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ እያገኘ ነው። ወደ ጥላ ሲዛወር በማሳው ያጠራቀመውን ስኳር ይዞ ስለሚመጣ፣ አዲሱ ቦታ ባይስማማውም እንኳ በዚያ ክምችት ለተወሰኑ ወራት ለምልሞ ይቆያል። በመሆኑም በተነጠፈ በሁለተኛው ወር የታየ ልምላሜ ስለ ቦታው ተስማሚነት የሚነግረን ነገር የለም፤ ትክክለኛው ምስክር ዓመት የሞላው ሣር ነው።

ጥላ ሁሉ አንድ ዓይነት አለመሆኑም መታወቅ አለበት። ግንብ ወይም አጥር የሚጥለው ጥላ የብርሃኑን መጠን ይቀንሳል እንጂ ዓይነቱን ብዙም አይለውጠውም፤ ከላይ ያለው ሰማይ ገላጣ እስከሆነ ድረስ የተበተነው የሰማይ ብርሃን ሣሩ ላይ ይደርሳል። የዛፍ ጥላ ግን ከዚህ የከፋ ነው። የዛፉ ቅጠሎች ለምግብ ሥራ የሚውለውን ቀይና ሰማያዊ ብርሃን ራሳቸው ቀድመው ይወስዱትና ከሥራቸው ላሉት ተክሎች በአብዛኛው የማይጠቅመውን፣ በዓይናችንም እምብዛም የማናየውን ከቀይ ጥግ ያለውን ብርሃን ወደ ታች ያሳልፋሉ። ሣሩ በውስጡ ባለ ፋይቶክሮም በተባለ ቀለም አማካይነት ይህን ለውጥ ስለሚያውቅ፣ ከበላዩ ሌላ ተክል እንዳለ ተረድቶ ከጥላው ለማምለጥ ወደ ላይ ይመዘዛል። ጎን ለጎን ቡቃያ ማውጣቱን ያቆማል፣ ያለውን ጥቂት ስኳርም ለሥሩ ከማዋል ይልቅ ቅጠሉን ለማስረዘም ያውለዋል። ዛፍን ተሻምቶ ለማለፍ የሚደረግ ይህ ጥረት ለአንድ ሣር የማይሳካ ሩጫ መሆኑ ግልጽ ነው።

ይህንን በዓይን ማረጋገጥ ይቻላል። ከጥላው መሃል አንድ የሣር ዘለላ በሁለት ጣት ይዞ ቀስ ብሎ መሳብ ነው። ፀሐይ በሚያገኝ ቦታ ያደገ ዘለላ ከአንድ መሠረት ብዙ ቡቃያ ያወጣ፣ ቅጠሉ ሰፊና ጠንካራ፣ ሥሩም አፈሩን ጨብጦ አልነቀል የሚል ነው። የጥላው ዘለላ ግን አንድ ወይም ሁለት ቀጫጭን ቡቃያ ብቻ ይኖሩታል፤ ቅጠሉ ረዥም፣ ለስላሳና ወደ ቢጫ ያደላ ይሆናል፤ ብዙ ሳይታገልም አጭር ሥሩን ይዞ ብድግ ይላል። እንዲህ ያለ ዘለላ የያዘ ሰው የሣሩን ችግር ከማንኛውም መጽሐፍ በላይ ያየዋል፤ እንዲህ ያለው ሥር በአንድ የልጆች ጨዋታ እንኳ ሊነቀል እንደሚችልም ይረዳል።

ብርሃኑን ለመለካት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ደመና በሌለበት ቀን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ እስከ ምሽቱ ድረስ በየሰዓቱ ወደ ግቢው ወጥቶ ፀሐይ የሚያርፍበትን ቦታ በወረቀት ላይ ማስፈር በቂ ነው። ግቢው ጠባብ መሆኑ እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ ቦታውን በአንድ ሜትር ካሬ እየከፋፈሉ እያንዳንዱ ክፍል ስንት ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ እንዳገኘ መደመር ይቻላል። የዛፍ ጥላ ፀሐይና ጥላ የተቀላቀለበት ስለሚሆን ለመቁጠር ያስቸግራል። እንዲህ ባለ ቦታ በእጅ ስልክ ላይ የሚጫን የብርሃን መለኪያ መተግበሪያ መጠቀም ይቻላል፤ ስልኩ የሚሰጠው ቁጥር ያን ያህል የሚታመን ባይሆንም፣ በገላጣው ቦታና በጥላው ያሉትን ንባቦች በተቀራራቢ ደቂቃ ወስዶ ማነጻጸር ጥላው ከሙሉው ብርሃን ምን ያህሉን እንደሚያስቀር ያሳያል። ልኬቱን በተለያየ ወቅት መድገምም ያስፈልጋል፤ የፀሐይ መንገድ ከወር ወር ስለሚለዋወጥ በአንዱ ወቅት ብርሃን የሚያገኝ ጥግ በሌላው ወቅት ሙሉ በሙሉ በጥላ ሊዋጥ ይችላል።

ውጤቱ እንዲህ ይተረጎማል። በቀን 6 ሰዓትና ከዚያ በላይ ቀጥተኛ ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ለአየር ንብረቱ የሚስማማ ማንኛውንም ሣር ያበቅላል። ከ4 እስከ 6 ሰዓት የሚያገኝ፣ ወይም ቀኑን ሙሉ በስስ ቅርንጫፍ መካከል የተጣራ ብርሃን የሚያገኝ ቦታ ጥላን የሚችሉ ዝርያዎችን ይቀበላል። ከ4 ሰዓት በታች ሲሆን ተስፋው የመነመነ ነው፤ ብርሃኑ ከዚህም እጅግ ካነሰ ሣር ማልማቱን መተው ይሻላል። ሰዓቱ እኩል ቢሆን እንኳ የጠዋት ፀሐይ ይመረጣል፤ ሌሊት ቅጠሉ ላይ ያረፈውን ጤዛ ቶሎ ስለሚያደርቅ በሽታን ይቀንሳል። ብርሃን በእርግጥ የዚህን ያህል ወሳኝ ነው ወይ ብሎ ለሚጠራጠር ሰው ታላላቅ የእግር ኳስ ስታዲየሞችን መመልከት ይበቃል። የተመልካቾች መቀመጫ በሜዳው ላይ ጥላ ስለሚጥል፣ የሣር ባለሙያዎች ተሽከርካሪ እግር ባላቸው ረዣዥም ብረቶች ላይ የተደረደሩ መብራቶችን እየገፉ ጥላ በበዛበት የሜዳው ክፍል ላይ ለረጅም ሰዓት ያበራሉ። በዚያ ሁሉ ዕውቀትና ገንዘብ የሚመራ ሜዳ ያለ ብርሃን ካልሆነለት፣ በጓሮ ያለ ሣር በማዳበሪያ ብቻ ሊሆንለት አይችልም።

ከልኬቱ በኋላ የሚመጣው ሥራ ያለውን ብርሃን ማብዛት ነው። ከዛፉ የታችኞቹን ቅርንጫፎች ከመሬት እስከ 2 ወይም 3 ሜትር ከፍታ ድረስ ማንሣት የጠዋትና የማታ ፀሐይ በጎን እንዲገባ ያደርጋል፤ የላይኛውን ክፍል ማሳሳት ደግሞ የቀትሩን ብርሃን ያስገባል። በአንድ ዓመት ውስጥ ግን ከሕያው ቅርንጫፍ ከሩብ በላይ መቁረጥ ዛፉን ስለሚጎዳ ሥራው በዓመታት ቢከፋፈል ይመረጣል፤ ትልልቅ ቅርንጫፎችም በባለሙያ ቢቆረጡ የተሻለ ነው። ሣሩን የጋረደው ግንብ ከሆነ ፊቱን ነጭ ቀለም መቀባት ወደ ሣሩ የሚመለሰውን ብርሃን ይጨምራል። ለውጡ መጠነኛ ቢሆንም በጠባብ ግቢ ውስጥ ግንቡ ለሁሉም ቦታ ቅርብ ስለሆነ መናቅ የለበትም። የወደቁ ቅጠሎችን በየጊዜው መጥረግም ከዚሁ ይቆጠራል፤ በስሱ ሣር ላይ ለሳምንታት የተኛ የረጠበ ቅጠል ያቺኑ ጥቂት ብርሃን ሙሉ በሙሉ ይዘጋል።

የዝርያ ምርጫ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የሞቃት አካባቢ ሣሮች በአብዛኛው ሙሉ ፀሐይን ለመጠቀም የተሠሩ ስለሆኑ ጥላ ይከብዳቸዋል። ከእነርሱም መካከል ሰርዶ የመጀመሪያው ተጎጂ ነው፤ በገላጣ ቦታ ድርቅንና መረገጥን በመቋቋም የሚስተካከለው የሌለውን ያህል በጥላ ውስጥ ቶሎ ይሳሳል። ከዚሁ ወገን ጥላን በመቻል የሚታወቀው ሴይንት ኦገስቲን የሚባለው ሰፊ ቅጠል ያለው ሣር ነው፤ ይህን ሣር በዘር ማባዛት ስላልተለመደ በመሬት ላይ የሚሳበውን ግንዱን ቆራርጦ በመትከል ይባዛል፣ ብርቱ ውርጭ ግን አይችልም። ዞይዢያ የሚባለው ሣር በሁለቱ መካከል ላይ ይቀመጣል፤ በተለይ ቅጠለ ቀጭኑ ዓይነት መጠነኛ ጥላ ይችላል፣ ዕድገቱ ዝግ ያለ ስለሆነ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። በቀዝቃዛ አካባቢ ደግሞ ቅጠላቸው እንደ ክር የቀጠነ የፌስኪዩ ዝርያዎች፣ በተለይም ቀይ ፌስኪዩ፣ ለደረቅ ጥላ ከሁሉ ይመረጣሉ፤ ትንሽ ማዳበሪያ ይበቃቸዋል፣ ብዙ መረገጥን ግን አይወዱም። ረዥም ፌስኪዩ የሚባለው ጥላ የመቻል አቅሙ ከእነርሱ ቢያንስም መረገጥን የተሻለ ይቋቋማል።

የዘር ከረጢት ሲገዛ ከፊት የተጻፈውን «ለጥላ ቦታ» የሚለውን ማስታወቂያ ትቶ በጀርባው ያለውን የዝርያዎች ዝርዝር ማንበብ ይገባል። በብዙ ቅልቅሎች ውስጥ ራይግራስ የሚባለው ሣር ብዙ ድርሻ ይይዛል። ራይግራስ ከ5 እስከ 10 ቀን ውስጥ በቅሎ ግቢውን ስለሚያለብስ ገዢውን ያስደስታል፤ ጥላ የመቻል አቅሙ ግን ደካማ ነው። ቀስ ብሎ የሚበቅለው ፌስኪዩ በዚህ ፈጣን ጎረቤቱ ተውጦ ይቀርና ራይግራሱ ሲሳሳ ቦታው ባዶ ይሆናል።

ዛፍ ባለበት ግቢ ትግሉ በብርሃን ብቻ አያበቃም። ውሃና ማዕድን የሚስቡት የዛፉ ቀጫጭን ሥሮች አብዛኞቹ የሚገኙት በላይኛው 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ አፈር ውስጥ ነው፤ ማለትም የሣሩ ሥር ካለበት ቦታ ላይ ነው። በዚያ ላይ ቀላል ዝናብ ሲጥል ብዙው ቅጠሎቹ ላይ ቀርቶ ይተናል። የግንብ ሥር ያለው አፈርም እንዲሁ ነፋስ ከወዲያ በኩል ሲያዘንብ ጠብታ ሳይነካው ሊያልፍ ይችላል። ዘር ከመዝራት በፊት አፈሩን በባለጥርስ መሣሪያ እየወጉ ማላላትና በደንብ የበሰለ ብስባሽ በስሱ መቀላቀል ይጠቅማል። የዛፉን ወፋፍራም ሥሮች መቁረጥ ወይም ጉብታቸውን ለመደበቅ ወፍራም አፈር መደልደል ግን ፈጽሞ አይመከርም፤ ሥሮቹ አየር ስለሚያጡ ዛፉ ከዓመታት በኋላ ሊደርቅ ይችላል። የሚጨመረው አፈር ከ2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ባይበልጥ ይሻላል። ኖራ መጨመርም የአፈሩ አሲዳማነት ተመርምሮ አስፈላጊነቱ ሲረጋገጥ ብቻ የሚደረግ ነገር ነው።

የሚዘራበት ጊዜ ዛፉ ቅጠሉን የሚያራግፍ ከሆነ ከዚያው ጋር መያያዝ አለበት፤ ቀዝቃዛ ወቅት የሚወድ ሣር ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር ቢዘራ ዛፉ እንደገና እስኪለብስ ድረስ ብዙ ብርሃን ያገኛል። ለቀጭን ቅጠል ፌስኪዩ በአንድ ሜትር ካሬ ከ20 እስከ 25 ግራም ዘር ይበቃል። ዘሩ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር ባልበለጠ አፈር ይሸፈናል፣ እስኪበቅልም ድረስ የላይኛው አፈር እንዳይደርቅ በቀላሉ እየተረጨ ይጠበቃል። በጥላ ውስጥ ሣር በየዓመቱ ትንሽ መሳሳቱ ስለማይቀር በዓመት አንድ ጊዜ ዘር መደጎም የተለመደ ሥራ ነው፤ ይህን እንደ ውድቀት መቁጠር አያስፈልግም።

ከተተከለ በኋላ ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ አጨዳ ነው። ጥላ ውስጥ ያለ ሣር ምግብ የሚሠራበት ቅጠል ስለሚያንሰው፣ ያንኑ ቅጠል አሳጥሮ መቁረጥ ገቢውን መቁረጥ ነው። ስለዚህ በፀሐይ ከሚታጨድበት ከፍታ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጎ መተው ያስፈልጋል፤ ለፌስኪዩ ከ7 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር፣ ለሴይንት ኦገስቲን ደግሞ ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ተስማሚ ነው። በአንድ ጊዜም ከቅጠሉ ርዝመት ከሲሶ በላይ አይቆረጥም። ለምሳሌ ሣሩ 8 ሴንቲ ሜትር እንዲቆይ የሚፈለግ ከሆነ 12 ሴንቲ ሜትር ሳያልፍ መታጨድ አለበት ማለት ነው። የማጨጃው ስለት ካልተሳለ ቅጠሉን ከመቁረጥ ይልቅ ይቦጫጭቀዋል፤ ጫፉ ይነጣል፣ በቁስሉም በኩል በሽታ ይገባል። ብዙ ሰዎች የጥላው ሣር ተመዝዞ ሲያዩ «በጣም አድጓል» ብለው ያሳጥሩታል፤ መመዘዙ ግን ከላይ እንደተገለጸው የብርሃን እጥረት ምልክት ስለሆነ፣ አሳጥሮ ማጨድ የተጎዳውን ተክል ይበልጥ መጉዳት ነው።

ማዳበሪያን በተመለከተ ደንቡ አጭር ነው፤ በፀሐይ ላለው ሣር ከሚሰጠው ግማሽ ያህሉ ይበቃል። ናይትሮጅን ሣሩን አዲስ ቅጠል አውጣ እያለ ስለሚገፋው ተክሉ ለዚያ የሚሆነውን ስኳር ከሥሩ ክምችት ይወስዳል፤ ለአንድ ሁለት ሳምንት አረንጓዴ ሆኖ ቢታይም ቅጠሉ ውሃ የቋጠረና ለበሽታ የተጋለጠ፣ ሥሩም የደከመ ይሆናል። በቁጥር ለማስቀመጥ በአንድ ጊዜ ለአንድ ሜትር ካሬ 2.5 ግራም ያህል ናይትሮጅን በቂ ሲሆን፣ ዩሪያ በመቶ 46 ናይትሮጅን ስለሚይዝ ይህ ከ5 እስከ 6 ግራም ዩሪያ ማለት ነው፤ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ገደማ ብቻ። በእፍኝ የሚበትን ሰው ምን ያህል እንደሚያበዛ ከዚህ መገመት ይቻላል።

ውሃም እንዲሁ በልክ ነው። በግንብ ጥላ ውስጥ ውሃ ቀስ ብሎ ስለሚተን ሣሩ ከፀሐዩ ያነሰ ይፈልጋል፤ በዛፍ ሥር ግን ዛፉም ስለሚጠጣ የበለጠ ሊያስፈልግ ይችላል። ስለዚህ በቀን መቁጠሪያ ከመሄድ ይልቅ በረዥም ብሎን መፍቻ አፈሩን ወግቶ ማየት ይሻላል፤ እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ድረስ በቀላሉ ከገባና አፈሩ ከረጠበ ማጠጣት አያስፈልግም፣ አፈሩ ረጥቦ ሳለ አልገባ ካለም ችግሩ የአፈሩ መጠቅጠቅ ነው። ሲጠጣ ጠገብ ተደርጎ በጠዋት ይጠጣል። ማታ የሚጠጣ የጥላ ሣር ሌሊቱን ሙሉ ረጥቦ ስለሚያድር፣ ለፈንገስ በሽታ ይጋለጣል።

እርጥብ ድንጋይ ላይ የሚበቅለው ሞስ የሚባለው አጭር አረንጓዴ ተክል ሣሩን ተክቶ ሲታይ ብዙ ሰው ሣሩን የገደለው እርሱ ይመስለዋል። ሞስ እውነተኛ ሥር የለውም፣ ሣርንም አይገድልም፤ ሣር የለቀቀውን ባዶ ቦታ ይይዛል። የብረት ሰልፌት ቢረጭበት ጠቁሮ ይደርቃል፤ ጥላው፣ እርጥበቱና የተጠቀጠቀው አፈር ካልተስተካከሉ ግን ተመልሶ ይመጣል። ይህ መድኃኒት በሲሚንቶና በንጣፍ ድንጋይ ላይ የዝገት እድፍ እንደሚተውም ልብ ይሏል። በእኔ አስተያየት ሞስ ለምልሞ የያዘው ጥግ ካለ እዚያው መተው ይሻላል፤ አረንጓዴ ነው፣ አጨዳም አይፈልግም።

ጠባብ ግቢ ከሰፊው የሚለይበት ዋናው ነገር እግር ነው። በሰፊ ሜዳ ላይ የሚበተነው እርምጃ እዚህ ከበር እስከ ልብስ ማስጫው ባለች አንዲት መስመር ላይ ይወድቃል፤ የጥላ ሣር ደግሞ ራሱን የሚጠግንበት ስኳር የለውም። ሰው የሚመላለስበትን መስመር ለይቶ ንጣፍ ድንጋዮችን ከአፈሩ እኩል አድርጎ መቅበር ከየትኛውም ዝርያ ምርጫ የበለጠ ሣሩን ያድናል፤ ማጨጃውም በላያቸው ያልፋል። ሣሩ እስከ ግንቡ ድረስ መድረሱም ግዴታ አይደለም። ብርሃኑን በሜትር ካሬ የለካ ሰው ሣሩን 4 ሰዓትና ከዚያ በላይ በሚያገኙት ክፍሎች ብቻ ወስኖ የቀረውን ለሌላ ነገር ሊሰጠው ይችላል። በአንድ ስፍራ ተሰብስቦ የለመለመ 10 ሜትር ካሬ ሣር በግማሹ ከተራቆተ 30 ሜትር ካሬ እጅግ ያምራል።

ለቀረው ቦታ መሬት አልብሰው የሚያድጉ ጥላ ወዳድ ተክሎች አሉ። ኦፊዮፖጎን የሚባለው ቅጠሉ ሣር መሳይ ጥቁር አረንጓዴ ተክል ቀስ ብሎ ቢስፋፋም አጨዳ አይፈልግም፣ የዛፍ ሥርንም ይታገሣል፤ ቢረገጥ ግን እንደ ሣር ቶሎ አይጠገንም። ሐረግ የመሰሉትንና በፍጥነት የሚስፋፉትን ተክሎች ከመትከል በፊት በአካባቢው ከቁጥጥር ውጭ እየሆኑ የሚያስቸግሩ አለመሆናቸውን መጠየቅ ይገባል። ምንም ተክል በማይይዝበት ጥቅጥቅ ጥላ ደግሞ የእንጨት ፍቅፋቂ ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ማልበስ አፈሩን ከመጠቅጠቅና ከመድረቅ ይጠብቀዋል፤ ፍቅፋቂው ግን የዛፉን ግንድ እንዳይነካ ዙሪያውን ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍት መተው አለበት፣ ያለበለዚያ ልጡ ዘወትር እየረጠበ ይበሰብሳል።